የቆዳ ካንሰር «የነጮች በሽታ» ነውን? ሳይታይ የሚቀረው ውስጥ እግር

በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ዘንድ ስለ ቆዳ ካንሰር ሲነሳ ወሬው ብዙውን ጊዜ በአንድ አባባል ይዘጋል፤ «እሱ የነጮች በሽታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ከባዶ የመነጨ አይደለም። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በሚያወጣው ግምት መሠረት፣ ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በዕድሜ ዘመናቸው የሚይዛቸው ነጭ አሜሪካውያን ከ33 ሰዎች አንድ ገደማ ሲሆኑ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ግን ከ1,000 ሰዎች አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ወደ ሠላሳ እጥፍ ይጠጋል። ይህን አኃዝ የሰማ ጥቁር ሰው ልቡን ቢያሳርፍ አይፈረድበትም።

ከዚህ አኃዝ ጎን ግን ሌላ አኃዝ አለ። በዚያው በአሜሪካ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ነጮች መካከል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት የሚቆዩት ከ100 ሰዎች 94 ያህሉ ናቸው፤ ከጥቁሮች ግን 70 ገደማ ብቻ። በሽታው በጥቁር ሰው ላይ የሚከሰተው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲከሰት ግን አብዝቶ ይገድላል። ለዚህ ልዩነት የካንሰሩ ዓይነትና ሕክምና የማግኘት ዕድል የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከሁሉም ገዝፎ የሚታየው ምክንያት ግን መዘግየት ነው። መዘግየቱ ደግሞ በከፊል «እኛን አይነካም» ከሚለው እምነት ይወለዳል። ስለዚህ በአማርኛ የሚሰጥ የቆዳ ካንሰር ትምህርት በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ከሚሰጠው ቃል በቃል ሊገለበጥ አይገባውም። ከፀሐይ መከላከያ ቅባት በፊት ከውስጥ እግር፣ ከጥፍርና አልድን ካለ ቁስል መጀመር ይኖርበታል።

የአንድ ዝነኛ ሰው አውራ ጣት

በቆዳ ካንሰር ከሞቱ ጥቁር ሰዎች መካከል ዓለም ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ቦብ ማርሊን ነው። ጃማይካዊው ድምፃዊ ለኢትዮጵያ ባዕድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሻሸመኔን ጎብኝቷል፤ በኅዳር ወር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ ከሞተ በኋላም 60ኛ የልደት በዓሉ በ2005 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት የሙዚቃ ዝግጅት ታስቧል። ዘፈኖቹን በቃሉ የሚያወጣ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። በምን ዓይነት ካንሰር እንደ ሞተ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ማርሊ እግር ኳስ ይወድ ነበር። በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ የነበረው ቁስልም በጨዋታ የመጣ ጉዳት ተደርጎ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በጥፍሩ ሥር ያለው ነገር ሜላኖማ መሆኑ ተረጋገጠ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመክሩም እሱ አልተቀበለም፤ በምትኩ አነስ ያለ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ካንሰሩ ግን በዚያ አላቆመም። በ1980 ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎቹና ወደ አንጎሉ መሠራጨቱ ታወቀ፤ ግንቦት 1981 በማያሚ ከተማ በ36 ዓመቱ አረፈ።

ማርሊን የገደለው ዓይነት በሕክምናው ዓለም «አክራል ሌንቲጂነስ ሜላኖማ» ይባላል። የሚወጣው በውስጥ እጅ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። ይህ ዓይነት ነጭና ጥቁር ሳይል በተቀራራቢ መጠን ይከሰታል። ፀሐይ የሚያመጣቸው ሌሎች የሜላኖማ ዓይነቶች በጥቁር ሰው ላይ ብርቅ ስለሆኑ ግን፣ በጥቁሮች ዘንድ ከሚታየው ሜላኖማ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው የእጅና የእግር ሜላኖማ ነው።

ማርሊ በሞተበት በዚያው በ1981 በአውስትራሊያ አንድ የጤና ዘመቻ ተጀመረ። መልእክቱ አጭርና ግልጽ ነበር፦ ሸሚዝ ልበሱ፣ ቅባት ተቀቡ፣ ባርኔጣ ድፉ። ከአውሮፓ የፈለሰ ነጭ ሕዝብ በኃይለኛ ፀሐይ ሥር ለሚኖርባት አገር ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት ይከብድ ነበር። ዘመቻው ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ለወጡ ትምህርቶች አርአያ ሆኗል። ዛሬ በሜልበርን፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ በክሊኒክ ግድግዳ ላይ የሚያየው ማስታወቂያ የዚያ መልእክት ዝርያ ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ለዚህ ሰው ግን ዋናውን ነገር አይነግረውም። ሸሚዙም፣ ቅባቱም፣ ባርኔጣውም የማርሊን አውራ ጣት ባላዳኑት ነበር።

ሜላኒን የሚያደርገውና የማያደርገው

የጥቁር ቆዳ ጥበቃ በልማድ የሚነገር ብቻ ሳይሆን የተለካ ነገር ነው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳ ሕዋሳትን የዘር ቅንጣት፣ ማለትም ዲኤንኤን፣ ይጎዳል። ጉዳቱ ሳይጠገን ሲደራረብ ካንሰር ሊጀምር ይችላል። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ይህን ጨረር ይውጣል። በጥቁር ቆዳ ውስጥ የቀለሙ ቅንጣቶች ተለቅ ተለቅ ያሉና ተበታትነው የሚገኙ ሲሆኑ፣ በሕዋሱ እምብርት ላይ እንደ ቆብ ተደፍተው ዲኤንኤውን ይጋርዱታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በታተመ ጥናት እንደተለካው፣ ቆዳን አብዝቶ ከሚያቃጥለው የአልትራቫዮሌት ክፍል ውስጥ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ዘልቆ የሚያልፈው በጥቁር ሰው 7.4 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በነጭ ሰው 24 በመቶ ያህል ነው።

ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ይህ ጥበቃ ትልቅ ጸጋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌቱ ጥንካሬ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ፀሐይዋ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች። አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ሰውን ያዘናጋዋል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም።

ሆኖም መጋረጃው የሚጋርደው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነው። በውስጥ እግር የሚነሳው ካንሰር ፀሐይን አይጠብቅም። በነጮች ሜላኖማ ዲኤንኤ ላይ ጎልቶ የሚታየው የፀሐይ አሻራ በዚህኛው ዓይነት ላይ ብዙውን ጊዜ የለም። ተመራማሪዎች ይልቁንም በእግር ላይ የሚደጋገመውን ጫና፣ ግጭትና መፋተግ ይጠረጥራሉ፤ ካንሰሩ የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት የእግር ክፍል በርከት ብሎ መታየቱ ለጥርጣሬው አንድ መነሻ ነው። ምክንያቱ ፀሐይ ካልሆነ ደግሞ ከፀሐይ በመሸሽ መከላከል አይቻልም። የቀረው አንድ መንገድ ቀድሞ ማየት ነው።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

ሜላኖማ ከተነሳበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘ፣ አምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል በአሜሪካ መረጃ ከ99 በመቶ በላይ ነው። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍሎች ከተሠራጨ በኋላ ሲገኝ ግን ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ብዙ ጊዜ የወራት ልዩነት ነው። ወራቱን የሚበላው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ታማሚው ራሱ ነው። በጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር ያየ ሰው «ጫማ ጠቦኝ ነው» ወይም «መትቶኝ ነው» ይላል። በውስጥ እግሩ የወጣውን ኪንታሮት ይለዋል። የሚያምም ነገር አይደለምና ሥራ ለማስቀረት ምክንያት አይሆነውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ ለማይጠዘጥዛት ነጠብጣብ አሠሪዋን ፈቃድ መጠየቅ ይከብዳታል።

ሁለተኛው ሐኪሙ ነው። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም የጥቁር ሰው ጥፍር ሲጠቁር በመጀመሪያ የሚያስበው ፈንገስን ነው፤ የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ወራት ይወስዳል። ሐኪሙ የተማረባቸው ሥዕሎች ባብዛኛው የነጭ ቆዳ ሥዕሎች ናቸው። ቆዳን በስድስት ደረጃ የሚከፍለውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የተዘጋጀው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ጠቆር ያሉት ደረጃዎች የታከሉበት ኋላ ነው። በ2020 በለንደን የሕክምና ተማሪ የነበረው ዚምባብዌ የተወለደው ማሎን ሙክዌንዴ ከመምህራኑ ጋር በመሆን የበሽታ ምልክቶች በጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የተነሳው ይህን ጉድለት በክፍል ውስጥ ስላየ ነው።

ሦስተኛው ማሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 130,000 በሚጠጉ ፎቶግራፎች ያሠለጠኑት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቆዳ ካንሰርን በመለየት ከቆዳ ሐኪሞች ጋር እንደሚስተካከል አሳወቁ። ዜናው ዓለምን አስደነቀ። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ግን እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በጥቁር ቆዳ ፎቶግራፎች ላይ ሲፈተኑ ውጤታቸው በጉልህ እንደሚያሽቆለቁል አሳየ። ነገሩ ለማንኛውም መሐንዲስ እንግዳ አይሆንም፤ አንድ መለኪያ የሚታመነው በተስተካከለበት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። በኪሎ የተስተካከለ ሚዛን ወርቅ አይመዘንበትም። ስለዚህ በስልኩ ፎቶ አንስቶ «ችግር የለም» የሚል መልስ ያገኘ ጥቁር ሰው፣ መልሱን እንደ ሐኪም ቃል ሊቆጥረው አይገባም።

ዘመን የቆጠረ ጠባሳ

ሜላኖማ በስሙ አስፈሪነት ሌሎቹን ይሸፍናል እንጂ፣ በጥቁር ሰዎች ዘንድ ከቆዳ ካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታየው «ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ» የተባለው ነው። ይህም ቢሆን በጥቁር ሰው ላይ ባብዛኛው የሚነሳው ፀሐይ ከሚያገኘው ፊት ሳይሆን ከአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ካልዳነ ቁስል ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣን ኒኮላ ማርዦለን እንዲህ ያሉትን ቁስሎች እ.ኤ.አ. በ1828 ስለገለጻቸው በጠባሳ ላይ የሚነሳው ካንሰር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሕፃናት በጉልቻ ዙሪያ ያድጋሉ፤ በፈላ ውኃና በእሳት የሚቃጠሉት ጥቂት አይደሉም፤ ቃጠሎውም ብዙ ጊዜ የቆዳ ንቅለ ተከላ ሳያገኝ እንደነገሩ ይሽራል። የሥጋ ደዌ ስሜቱን ባጠፋው እግር ላይ የሚፈጠር ቁስልም ለዓመታት ክፍት ሆኖ ሊኖር ይችላል። ጠባሳው ወደ ካንሰር ለመለወጥ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በሦስት ዓመቷ ምድጃ ላይ የወደቀች ሕፃን አደጋው የሚደርስባት በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ነው ማለት ነው። ያኔ ደግሞ ፍራንክፈርት ወይም ዴንቨር ልትኖር ትችላለች። ጠባሳው አብሯት ተሰድዷል፤ የጠባሳው ታሪክ ግን በሐኪሟ መዝገብ ላይ የለም። እሷ ካልነገረችው የሚነግረው የለም።

ምልክቱ በዓይን የሚታይ ነው። ለዘመናት ጸጥ ብሎ የኖረ ጠባሳ እንደገና ሲቆስል፣ የቁስሉ ዳር ሲያብጥና ሲጠነክር፣ በቀላሉ ሲደማ፣ ሽታው ሲለወጥ፣ ወይም ሥጋ እያበቀለ ሲመጣ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። በጊዜ የተገኘው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይወጣል። የዘገየው እግር ያስቆርጣል፤ ይገድላልም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መጠመቁን ምርመራውን ለመተው ምክንያት ሊያደርገው አይገባም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ብሂል ያቆየው ሕዝብ ጠበልም ሐኪምም የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ፀሐይ በእርግጥ የሚገድላቸው

ይህ ሁሉ ሲባል ፀሐይ ማንንም ጥቁር አትጎዳም ማለት አይደለም። ሜላኒን ሳይኖራቸው ወይም በጣም አንሷቸው የሚወለዱ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ከዚያው ከፍታና ከዚያው ፀሐይ ሥር ያለ መጋረጃ ይቆማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአፍሪካ ቁጥራቸውን ከ5,000 እስከ 15,000 ሰዎች አንድ አድርጎ ይገምተዋል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች እነዚህን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ከሚቀጥፉት ምክንያቶች ዋነኛው የቆዳ ካንሰር ነው። ይህ ሞት ከሞላ ጎደል ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው ነገሩን የሚያሳፍረው።

ለእነሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ የመከላከል አቅሙ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ሥር መዋል ሕይወት አድን ነገሮች ናቸው። ቅባቱ ለእነሱ መዋቢያ አይደለም፤ እንደ ኢንሱሊን ያለ የዕለት መድኃኒት ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም እንደ መድኃኒት ሊገኝ ይገባዋል። በታንዛኒያ በሞሺ ከተማ ኪሊሰን የተባለ ቅባት ለእነዚሁ ሰዎች ተብሎ እዚያው እየተመረተ መከፋፈሉ፣ ነገሩ ለአፍሪካ አገር አቅም የማይበገር እንዳልሆነ ያሳያል። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው በሻንጣው ከሚጭነው ሽቶና ጫማ መካከል ለጥቂት የፀሐይ ቅባት ጠርሙሶች ቦታ ቢያገኝ፣ ስጦታው የማንን ልጅ እንደሚያድን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

በተቃራኒው ደግሞ ተፈጥሮ የሰጠችውን መጋረጃ በገንዘቡ እየገዛ የሚቀድድ አለ። ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው የቆዳ ማንጫ ቅባቶች የሜላኒንን ምርት ያፍናሉ ወይም ቆዳውን ያሳሱታል። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖን ያለበትን የማንጫ ቅባት ለመዋቢያነት እንዳይሸጥ ከከለከለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ቅባቶቹ በአውሮፓ ራሷ በአንዳንድ የሠፈር ሱቆች፣ በባሕረ ሰላጤው ገበያዎችና በአዲስ አበባ መደብሮች ሲሸጡ ይታያሉ። በዚህ ጉዳይ ዝም የሚል የውበት ማስታወቂያና ማስታወቂያውን የሚያሰራጭ መገናኛ ብዙኃን ሁለቱም ተጠያቂዎች ናቸው።

ምን፣ የት፣ እንዴት ይታያል?

ቀድሞ ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በወር አንድ ቀን፣ በጥሩ ብርሃን፣ ለራስ የማይታየውን ቦታ የቤት ሰው እንዲያይ በማድረግ መመልከት በቂ ነው። ጥፍር ቀለም ካለ ይለቃል። እንሶስላ የሞቀ እግርና እጅ ደግሞ ቀለሙ እስኪለቅ ነጠብጣብ ሊደብቅ ስለሚችል፣ ከመሞቅ በፊት ማየት ይሻላል።

በውስጥ እግርና በውስጥ እጅ፣ እንዲሁም በጣቶች መካከል የሚፈለገው አዲስ የወጣ ወይም እያደገ ያለ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ነው፤ በተለይ ዳሩ የተዛነፈና ቀለሙ አንድ ወጥ ያልሆነ ከሆነ ያሳስባል። ኪንታሮት ወይም ቁስል መስሎ በሁለት ወር ውስጥ ያልዳነ፣ የሚደማ ወይም ምንነቱ በውል ያልታወቀ ነገርም ሐኪም ማየት አለበት። ይህ ዓይነት ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ምንም ጥቁረት ሳይኖረው ቀላ ብሎ ስለሚወጣ፣ «ጥቁር አይደለም» ተብሎ አይታለፍም።

ጥፍር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ጥቁር ሰዎች ጥፍሮች ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄዱ ቡናማ መስመሮች መኖራቸው የተለመደ ነው፤ በበርካታ ጣቶች ላይ ተመሳስለው ከታዩ ባብዛኛው ጉዳት የላቸውም። የሚያሳስበው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ በአውራ ጣት ላይ፣ በአዋቂነት ዕድሜ ድንገት የወጣ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም እየሰፋ የሚሄድ መስመር ነው። ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ከፈሰሰ ለቀጠሮ ሳምንታት መጠበቅ አይገባም።

ምት የፈጠረውን የደም መቋጠርና ካንሰርን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ነገር አለ። የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋር አብሮ ያድጋል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የእግር ጥፍር ደግሞ ከዚያ በግማሽ ያህል ፍጥነት ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ደም ከሆነ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ወደ ጫፍ ሲሄድ፣ ከኋላውም ንጹሕ ጥፍር ሲበቅል ይታያል። ጥቁረቱ ከሥሩ ካልለቀቀ ግን ደም ላይሆን ይችላል። ስልክ ጥሩ አገልግሎት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ ከጎን አድርጎ በየወሩ አንድ ፎቶ ማስቀረት ለውጡን በማያሻማ መንገድ ይመዘግባል። ስልኩ ምስክር ይሁን፤ ፍርዱን ግን ሐኪም ይስጥ።

በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ያሉ፣ በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የሚባሉ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጉ አይደሉም። ሆኖም ከሁለት እኩል ቢከፈል አንዱ ጎን ሌላውን የማይመስል፣ ዳሩ የተሸራረፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እየተለወጠ ያለ ምልክት መታየት አለበት።

ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቆዳው ደርማቶስኮፕ በተባለው አጉሊ መሣሪያ እንዲታይለት፣ የሚያጠራጥር ከሆነም ናሙና እንዲወሰድለት። የፈንገስ ወይም የኪንታሮት መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ «ካልዳነ መቼ ልመለስ?» ብሎ ቁርጥ ያለ ቀን ይዞ ይውጣ። ቋንቋው የማይመቸው ሰው ጥያቄዎቹን በወረቀት አስጽፎ መሄዱ ነውር የለውም።

ለተቃውሞዎቹ መልስ

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሁለት ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። የመጀመሪያው፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር እየፈጀ ባለበት ጊዜ ስለ ብርቅ በሽታ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ለምርመራ ማሽን፣ ለላቦራቶሪ ወይም ለመድኃኒት ሊውል የሚችል አንድ ብር ከዚያ ወደዚህ ይዙር ቢባል ትክክል አይሆንም። እዚህ የሚጠየቀው ግን ገንዘብ ሳይሆን አንድ ምልከታ ነው፤ ምልከታውም የስኳር ሕመምተኛው እግር ላይ ያለውን ቁስል፣ የሥጋ ደዌውን ጅማሮና ሌሎች ችግሮችን አብሮ ያጋልጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ፣ የስኳር ክሊኒኮች እግር ሲመረምሩ፣ በውጭ ያሉ ማኅበራትም የጤና ቀን ሲያዘጋጁ ይህን ቢያክሉበት የሚጨምርባቸው ድካም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥቁር ሰውን በፀሐይ ማስፈራራት ጉዳት አለው የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። በስካንዲኔቪያ ወይም በካናዳ ክረምት የሚኖር ጥቁር ሰው የሚያሳስበው የፀሐይ መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው፤ ለቫይታሚን ዲ እጥረት ከነጮቹ ይበልጥ ይጋለጣል። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹም በፀሐይና በጥቁር ሰዎች ሜላኖማ መካከል ግንኙነት አላገኙም። አልቢኒዝም ለሌለበት፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለማይወስድ ጤነኛ ጥቁር ሰው ዋናው ምክር ከፀሐይ መሸሽ አይደለም፤ ሰውነቱን ማየት ነው። የቅጂ ትምህርት ጉዳቱም ይኸው ነው፤ የማይመለከተውን ፍርሃት ሰጥቶ የሚመለከተውን ጥንቃቄ ይነፍገዋል።

ለማየቱ ደግሞ ባህሉ ራሱ መንገዱን አዘጋጅቶታል። የእንግዳን እግር ማጠብ በገጠሩ የቆየ የአክብሮት ወግ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ሙስሊሙ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ በየዕለቱ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል። ውኃው በሚፈስበት ቦታ ዓይን ቢጨመርበት የተሟላ ምርመራ ይሆናል። ልጆች የአረጋውያን ወላጆቻቸውን፣ ወላጆች የልጆቻቸውን እግር በዚያች ቅጽበት ሊያዩ ይችላሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር የሚሠራው ጭሱን ቀድሞ ላየ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ እግሩን የሚታጠብ ሰው ውስጥ እግሩን ገልብጦ፣ ጥፍሩንም አንድ በአንድ ይመልከት። ሁለት ወር ያለፈው ያልዳነ ቁስል፣ እየሰፋ የሄደ ጥቁር መስመር ወይም የነቃ አሮጌ ጠባሳ ካገኘ፣ ነገ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ይያዝ።